«ተነሳ» ያለው ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አውሮፕላን ጉዞ የምትፈልጉትን ጠይቁን ብለን ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፦ አብራሪውና መሬት ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ሳይግባቡ ቢቀሩስ? ጉዳዩ የሰው ሕይወት ነውና የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናል፣ የረዘሙትን አሳጥረናል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኮምቦልቻ ነጋዴ ነኝ፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ስመላለስ ጊዜ ሲያጥረኝ በአውሮፕላን እሄዳለሁ። በቀደም ከኮምቦልቻ ስንነሳ አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ላይ እየሄደ ጫፍ ደረሰና ዞሮ ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኛ ዝም ብለን ቁጭ ብለናል። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ‹ፈቃድ እየጠበቁ ነው› አለኝ። ወላሂ ከዚያ በኋላ እስክንነሳ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አብራሪው ሳይፈቀድለት የተፈቀደለት መስሎት ቢነሳስ?»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ልጁ እውነቱን ነው የነገረህ። ቆማችሁ መጠበቃችሁም ደግ ነገር ነው።

አብራሪው ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ያስፈልጉታል። አንደኛው የጉዞ ፈቃድ ነው። በየት በኩል እንደሚሄድ፣ እስከ ስንት ከፍታ እንደሚወጣ፣ ራዳር ላይ በየትኛው ቁጥር እንደሚታወቅ ይነግረዋል። አብራሪው ይህን ወረቀቱ ላይ ይጽፈዋል፤ ተነስ ግን አልተባለም። ሁለተኛው የመነሻ ፈቃድ ነው። እሱ ሳይመጣ ፍሬን አይለቀቅም። በሁለቱ መሃል «መንደርደሪያው ላይ ግባና ጠብቅ» የሚባል ትእዛዝ አለ፣ እናንተም ሞተሩ እየጮኸ የተቀመጣችሁት ምናልባት እዚያ ላይ ነው። ሌላ አውሮፕላን እየመጣ ይሆናል።

አብራሪው የተነገረውን ትእዛዝ መልሶ ይናገረዋል። የአውሮፕላኑን መጠሪያ ጨምሮ፣ የመንደርደሪያውን ቁጥር ጨምሮ። ተቆጣጣሪው ደግሞ የተመለሰለትን አዳምጦ ስህተት ካለው ወዲያው ያርማል። ኮምቦልቻ ላይ ተሳቢ መኪና ወደ ኋላ ሲገባ አይተሃል፤ ረዳቱ «ና፣ ና፣ ና» ይላል፣ ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ ከሆነ «በቃ» የምትለዋ ታመልጠውና ግድግዳው ይፈርሳል። በረራ ላይ ሹፌሩ «በቃ ብለኸኛል፣ ቆሜያለሁ» ብሎ የመመለስ ግዴታ አለበት። ካልመለሰ ረዳቱ ዝም አይልም፣ ደግሞ ይጠራዋል።

ይህ ሁሉ እያለ ታዲያ እንዴት ይሳሳታሉ? ፍርሃትህ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በአቪዬሽን አደጋዎች ታሪክ ብዙ ሰው ያለቀበት አደጋ የደረሰው መሬት ላይ ነው፣ አውሮፕላኖች አንተ እንዳየኸው በመንደርደሪያው ላይ እየሄዱ ጫፍ ላይ ዞረው በሚነሱበት ሰዓት።

ቀኑ መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ማርች 27 ቀን 1977። ቦታው የስፔን ግዛት በሆኑት የካናሪ ደሴቶች፣ ቴኔሪፌ ላይ ያለው ሎስ ሮዴዎስ ኤርፖርት። ጎረቤት ደሴት ግራን ካናሪያ ኤርፖርት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ስለነበር ወደዚያ የሚሄዱት አውሮፕላኖች ወደዚች ትንሽ ኤርፖርት እንዲያርፉ ተደረገ። ቦታው ጠበበ። የቆሙት አውሮፕላኖች የመሄጃ መንገዱን ስለዘጉት መነሳት የፈለገ ሁሉ በራሱ በመንደርደሪያው ላይ ሄዶ ጫፍ ላይ መዞር ነበረበት። በዚህ ላይ ደመና መጥቶ ኤርፖርቱ ላይ ተኛ። ተቆጣጣሪዎቹ ከመቆጣጠሪያ ማማው ላይ ሆነው መንደርደሪያው አይታያቸውም። የመሬት ራዳርም የላቸውም። የሆላንዱ ኬኤልኤም ቦይንግ 747 ጫፍ ደርሶ ዞሯል። የአሜሪካው ፓን አም፣ እሱም 747፣ ከፊት ለፊቱ በዚያው መንደርደሪያ ላይ እየመጣ የሚወጣበትን መታጠፊያ ይፈልጋል። አይተያዩም።

የኬኤልኤሙ ካፒቴን ቫን ዛንተን እንደዋዛ የሚታይ ሰው አልነበረም። የኩባንያው የ747 ዋና አሰልጣኝ ነው። ገና ሞተሩን ሲገፋ ረዳት አብራሪው «ቆይ፣ ፈቃድ አልተሰጠንም» አለው። ካፒቴኑም «አውቃለሁ፣ ጠይቅ» አለ። ረዳቱ ጠየቀ፣ ተቆጣጣሪው የጉዞ ፈቃዱን ሰጠ። የጉዞውን ብቻ። በውስጡ ግን «ከተነሳህ በኋላ ወደ ቀኝ ዙር» የሚል ነበረበትና «ቴክኦፍ» (መነሳት) የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ጆሯቸው ውስጥ ገባች። ረዳቱ ገና መልሶ እየተናገረ ካፒቴኑ ፍሬን ለቀቀ። ረዳቱ በጥድፊያ «አሁን ቴክኦፍ ላይ ነን» ብሎ ጨረሰ። ተቆጣጣሪው መነሻው ቦታ ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው ብሎ ተረዳው። «ኦኬ» አለ። ትንፋሽ ወስዶ «ለመነሳት ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ» ሲል ፓን አም ደግሞ በዚያችው ቅጽበት «እኛ ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» ብሎ ተናገረ። ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ። ኬኤልኤም ውስጥ የተሰማው «ኦኬ»፣ ከዚያ የሚሰነጥቅ ፉጨት ነው። «ጠብቅ» የምትለዋም «ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» የምትለዋም እዚያ ውስጥ ቀሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ዕድል ቀርቷቸው ነበር። ተቆጣጣሪው ፓን አምን «መንደርደሪያውን ስትለቅ አሳውቀኝ» አለው፣ ፓን አምም «ስንለቅ እናሳውቃለን» አለ። ይህ ንግግር ጥርት ብሎ ኬኤልኤም ውስጥ ገብቷል። ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ሰምቶ ደነገጠ። «ያ ፓን አም አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ረገጥ አድርጎ «ወጥቷል!» አለ። መሐንዲሱ ዝም አለ። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ፓን አም ከጭጋጉ ውስጥ ፊታቸው ድቅን አለ። ካፒቴኑ ለማንሳት ታገለ፣ አልበቃም። ኬኤልኤም ላይ የነበሩት 248 ሰዎች አንድም አልተረፈም። ከፓን አም 61 ሰው ተረፈ። በድምሩ 583 ሰው አለቀ።

ያን ዕለት በሬዲዮ የተነገረውን ስታነበው ተኝቶ የነበረ ሰው የለም። ሁሉም እየሠራ ነበር። ግን እያንዳንዱ የሚጠብቀውን ነው የሰማው። ካፒቴኑ ፈቃድ እየጠበቀ ነበርና ፈቃድ ሰማ። ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑ ቆሟል ብሎ ያስብ ነበርና መቆሙን ሰማ።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠበቀ። «ቴክኦፍ» የምትባለው ቃል የምትነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥና የተሰጠው ሲሰረዝ ብቻ ሆነ። ሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» (ለጉዞ መውጣት) ይባላል። «ኦኬ»ም በደንቡ አነጋገር ውስጥ ቦታ የለውም። አንተ ኮምቦልቻ ላይ ተሳፍረህ የጠበቅከውም በዚሁ በጠበቀው ደንብ ስር ሆነህ ነው።

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ሁለት ሰው አንዴ ከተናገረ ሬዲዮው እንደሚያፏጭ አንብቤ ገረመኝ። ሰው ሁሉ በቴሌግራም በሚጻጻፍበት ዘመን አብራሪዎች ለምን በዚህ ያረጀ ሬዲዮ ያወራሉ? ጽሑፍ ቢላክላቸው አይሻልም?»

መልስ፦ ቴክኒኩ ለአንተ ቀላል ነው። ሬዲዮው ቪኤችኤፍ ነው፣ ንግግሩ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው የሚካሄደው። ኤፍኤም ሳይሆን ኤኤም ነው። በኤፍኤም ሁለት ድምፅ አንድ ሞገድ ላይ ከተገናኘ ጠንካራው ደካማውን ውጦ ያስቀረዋል፣ ሌላ ሰው ይናገር እንደነበር እንኳ አታውቅም። በኤኤም ሁለቱም ይመጣሉ፣ ሞገዳቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ ፉጨት ይወጣል። ስለዚህ ፉጨቱ ራሱ መልእክት ነው። አንድ ሰው የተናገረው አልተሰማም ማለት ነው፣ ማስደገም አለብህ። ቴኔሪፌ ላይ ፉጨቱ ተሰምቷል፣ ያስደገመ ግን አልነበረም።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምርልህ። ተናጋሪው ቁልፉን ተጭኖ ሲያወራ እሱ ራሱ ሌላውን አይሰማም። ስለዚህ ድምፃቸው የተጋጨባቸው ሁለቱ ሰዎች መጋጨታቸውን አያውቁም። የሚያውቀው ሦስተኛው አድማጭ ነው፣ እሱ ካልተናገረ ሁለቱም የተሰሙ መስሏቸው ይቀጥላሉ። ቁልፉ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ የዚያ ሞገድ ሰው ሁሉ አፉ ተዘጋ ማለት ነው።

ጽሑፍማ አለ። በትልልቅ ኤርፖርቶች የጉዞ ፈቃዱ በጽሑፍ ይመጣል። ውቅያኖስ ላይ የሚበሩትም ከተቆጣጣሪ ጋር ይጻጻፋሉ። የመነሻ ፈቃድ ግን በድምፅ ነው፣ አንደኛ፣ ሰከንድ የሚቆጠርበት ሰዓት ስለሆነ፣ ሁለተኛ ደግሞ ሌሎቹም አብራሪዎች እንዲሰሙት። ይህን ሁለተኛውን አትናቀው። በ2023 ፌብሩዋሪ ቴክሳስ ኦስቲን ላይ፣ በጭጋግ፣ የፌዴክስ ጭነት አውሮፕላን እያረፈ ሳለ ተቆጣጣሪው ለሳውዝዌስት አውሮፕላን በዚያው መንደርደሪያ ላይ እንዲነሳ ፈቀደለት። የፌዴክስ አብራሪዎች ይህን በጆሯቸው ሰሙ። ማረፊያው አሁንም የእኛ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፣ አዎ ተባሉ። አላመኑም። ዓይናቸውን ተክለው ሲወርዱ የሌላውን መብራት አዩና መልሰው ወደ ላይ አነሱት። ለሌላ ሰው የተነገረን ቃል ሰምተው ስለተጠራጠሩ ነው ያ ሁሉ ሰው የተረፈው። በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አይሰሙትም ነበር።

ለምረቃ ሥራህ ሐሳብ የምትፈልግ ከሆነ በአሜሪካ አንዳንድ ትልልቅ ኤርፖርቶች መንደርደሪያው ላይ የተቀበረ ቀይ መብራት አለ። መንደርደሪያው ሲያዝ በራሱ ይበራል፣ የማንንም ቃል አይጠብቅም። እሱን አጥናው።

ጥያቄ፦ «ደሴ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። እንደሚመስለኝ የዚህ ሁሉ ችግር ምንጭ የቋንቋ እጥረት ነው። እንግሊዝኛቸው ቢጠነክር አይጠፋም ነበር?»

መልስ፦ መምህር፣ ግማሹ ልክ ነው። በኖቬምበር 1996 ከኒው ዴልሂ የተነሳ የሳውዲ 747 እና ወደዚያ ይወርድ የነበረ የካዛኪስታን አውሮፕላን አየር ላይ ተጋጭተው 349 ሰው ሞቷል። የካዛኪስታኑ አውሮፕላን ጠብቅ ከተባለው ከፍታ በታች ወርዶ ነበር፣ የሠራተኞቹም እንግሊዝኛ ደካማ እንደነበር ምርመራው አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከዚህና ይህን ከመሳሰሉት ተነስቶ የቋንቋ መለኪያ አወጣ። ከአንድ እስከ ስድስት ደረጃ አለው። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪም ተቆጣጣሪም ከ2008 ጀምሮ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ ላይ መድረስ አለበት፣ አራተኛ ላይ ያለ ደግሞ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይፈተናል።

ሌላው ግማሽ ግን በሰዋስው አይድንም። በ1989 ማሌዢያ ላይ አንድ የጭነት 747 ሊያርፍ ሲል ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ ውረድ አለው። «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ»። አብራሪው የሰማው «ወደ 400» ብሎ ነው፣ በእንግሊዝኛ «ሁለት» የምትለዋ ቁጥርና «ወደ» የምትለዋ ቃል ሁለቱም «ቱ» ተብለው ይነገራሉና። መልሶም «ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ» አለ። ያረመው ሰው የለም። ኮረብታ ላይ ወደቁ፣ አራቱም ሞቱ። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት አሜሪካውያን ነበሩ።

ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስበኝ የሐኔዳው ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024፣ ቶኪዮ ሐኔዳ ኤርፖርት። አንድ ትንሽ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን፣ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዕለት በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱት በማግስቱ እርዳታ ጭኖ ሊነሳ ነው። ተቆጣጣሪው «አንደኛ ነህ፣ እስከ ሲ 5 መቆሚያ ድረስ ሂድ» አለው። አብራሪው በትክክል መለሰ፦ ሲ 5 መቆሚያ፣ አንደኛ። ቃል አልሳተም። ነገር ግን «አንደኛ» የምትለዋን የመነሻ ተራው ደረሰ ብሎ ወሰዳትና መቆሚያውን አልፎ መንደርደሪያው ላይ ገብቶ ቆመ። ወደ 40 ሰከንድ ያህል እዚያ ቆሞ ሳለ ያየው ሰው የለም። የጃፓን አየር መንገድ ኤ350 እላዩ ላይ አረፈ። ከትንሹ አውሮፕላን ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። ከትልቁ 379ኙም እየነደደ ወጥተው ተረፉ። የጃፓን መንግሥት ወዲያው «አንደኛ፣ ሁለተኛ» እያሉ ተራ መናገርን ለጊዜው አስቆመ።

እዚህ ላይ ቋንቋውም ድምፁም ደህና ነበር፣ መልሶ መናገሩም ተደርጓል። አንተም ክፍል ውስጥ ይህን ታውቀዋለህ፤ ተማሪ ያልከውን ቃል በቃል ደግሞልህ ምን እንዳልክ ላይገባው ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ሲሻሻል የሚሻሻለው ቃላቱን በማሳነስ ነው። ላልተፈቀደ ሰው እንደ ተፈቀደለት የሚሰማ ነገር አይነገረውም። «ሮጀር»ም ፊልም ላይ እንደምንሰማው ለሁሉ አይሆንም፤ የተናገርከውን በሙሉ ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ነው፣ መልሶ መናገር ለሚያስፈልገው ትእዛዝ «ሮጀር» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ «የሰኞ ገበያ ልጅ ነኝ፣ ደሴ። ሌሊት ተነስቼ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ደረስኩ። ጭጋጉን ጦሳ ተራራ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው። በረራው ግን ‹በአየር ጠባይ ምክንያት› ዘገየ ተባልን። ይሄ ማመካኛ አይደለም?»

መልስ፦ አይመስለኝም። የምትሳፈርበት አውሮፕላን የሚመጣው ከቦሌ ነው። ክረምት ላይ ጠዋት ቦሌ ጭጋግ ከሆነ እዚህ ፀሐይ መሆኑ ምንም አይፈይድልህም። (በነገራችን ላይ ሻንጣህ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እየው። የኮምቦልቻ ኤርፖርት መለያ ዲ፣ ኤስ፣ ኢ ነው፣ የደሴ ስም። ኤርፖርቱ ቁልቁል ወርዶ ስሙ ደጋ ቀርቷል።)

መዘግየቱ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ግን ጭጋግ የሚቀማው ዓይንን ነው፤ ዓይን ከሄደ የሚቀረው ሬዲዮ ብቻ ነው፣ ሬዲዮ ደግሞ ከላይ እንዳየኸው ይሳሳታል። በኦክቶበር 2001 ሚላን ሊናቴ ኤርፖርት ላይ አንድ ትንሽ የግል ጄት በጭጋግ መንገድ ተሳሳተ። አር 5 በተባለው ሂድ ተብሎ አር 6 ውስጥ ገባ፣ እሱ ደግሞ ዋናውን መንደርደሪያ ያቋርጣል። አብራሪው ያለበትን ቦታ መሬት ላይ በተጻፈው ምልክት ስም ተናግሮ ነበር፣ ተቆጣጣሪው ግን ያንን ምልክት አላወቀውም። አላወቅኩትም፣ የት ነህ ብሎ አልመረመረም። የመሬት ራዳር አይሠራም ነበር። ለመነሳት እየተንደረደረ የነበረ የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ የኤስኤኤስ አውሮፕላን መታው፣ 118 ሰው ሞተ። እኔ ኤርፖርት ቁጭ ብዬ መዋልን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ «ስልካችን በእርግጥ የአብራሪውን ንግግር ይረብሻል ወይስ ለማስፈራራት ነው? (ከኮምቦልቻ)»

መልስ፦ አውሮፕላን አይጥልም። ቴፕ አጠገብ ስልክ አስቀምጠህ ሊደወልልህ ሲል «ጥ-ጥ-ጥ-ጥር» የሚል ድምፅ ሰምተህ ከሆነ ያው ድምፅ በአብራሪው ጆሮ ማዳመጫ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ቁጥር በሚነገርበት ሰከንድ ከገባ አንዲት ቁጥር ትጠፋለች። በረራ ሁነታ ላይ ማድረግ አንድ ጣት ነው፣ አድርገው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። ልጄ አብራሪ ልትሆን ትምህርት ጀምራለች። ደስታዬን አልችለውም፣ ግን ሌሊት ሌሊት ያሳስበኛል። ልጄ አይናፋር ናት። ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብላ አትናገርም፣ እኔም እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። በዚህ ጠባይዋ እዚያ ላይ ትችለው ይሆን?»

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ደብዳቤዎን ደጋግመን ነው ያነበብነው። ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ነገሩን ከሥሩ የነካው የእርስዎ ነው።

ከላይ የጻፍነውን የበረራ መሐንዲስ ያስታውሱታል። «አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። እውነቱ እጁ ላይ ነበር። አንዴ ተቆጡትና ዝም አለ። ፊቱ የተቀመጠው ሰው ትልቅ ነው፣ የአሰልጣኞች አሰልጣኝ ነው፣ እንዴት ደግሞ ይጠይቀው? እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ሆላንዳውያኑም ጋ ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። በጃንዋሪ 1990 አንድ የኮሎምቢያ አውሮፕላን ኒውዮርክ ሊያርፍ ሲል በመጥፎ አየር ምክንያት አየር ላይ ብዙ እንዲጠብቅ ተደረገና ነዳጁ አለቀ። ካፒቴኑ ረዳቱን አደጋ ላይ ነን ብለህ ንገራቸው ይለዋል። ረዳቱ ለተቆጣጣሪዎቹ «ነዳጅ እያለቀብን ነው» ይላል፣ በለዘበ ድምፅ፣ ከሌላ ወሬ ጋር ቀላቅሎ። አደጋ ላይ ነን የምትለዋን ቃል አላወጣትም። ተቆጣጣሪዎቹ የዚህን ያህል የባሰ አልመሰላቸውም። ወደቀ፣ ከ158 ሰው 73 ሞተ። ያ ልጅ እንግሊዝኛ ያውቅ ነበር። ያልቻለው ሰውን ማስቸገር ነው።

እነዚህ ሞቶች ከንቱ አልቀሩም። በ1979 የአሜሪካው ናሳ የአየር መንገድ ሰዎችን ሰብስቦ አብራሪዎች እርስ በርስ እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው መከረ። በ1981 ዩናይትድ አየር መንገድ ለአብራሪዎቹ በዚህ ላይ ስልጠና ጀመረ። ዛሬ በየአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ካፒቴኑ ሲጠየቅ እንዳይቆጣ ይማራል፤ ረዳቱ ደግሞ ሳያፍር መጠየቅን፣ ካልተመለሰለት ማጥበቅን፣ አሁንም ካልሆነ «አቁም» ማለትን ይማራል። እንደ ሞተሩ ትምህርት ሁሉ ይፈተኑበታል። ስለዚህ ልጅዎ ይህን ይዛ መወለድ የለባትም፣ ትሰለጥንበታለች።

አይናፋርነቷንም እንደ ጉድለት ብቻ አይዩት። የሚያዳምጥ ሰው ነው ፉጨቱን የሚሰማው። የሚጎድላት የሰማችውን ማውጣት ነው፣ እሱን ደግሞ እርስዎ ቤት ውስጥ ሊያግዟት ይችላሉ። ለዕረፍት ስትመጣ ቡናው ላይ አጎቷ ያልሆነ ነገር ሲናገር «እንዲህ አይደለም እኮ» ካለች ዝም አያሰኟት። «አልገባኝም» ስትል ቀስ ብለው ደግመው ይንገሯት፣ ስንቴ ልንገርሽ አይበሏት። ስትደውል ደግሞ ዛሬ ምን ተማርሽ ከማለት ይልቅ ዛሬ ምን ጠየቅሽ ይበሏት። ትልቅን ማክበሩ አይጠፋም፤ ካፒቴኑን «ካፒቴን፣ ፈቃድ አልተሰጠንም» ስትለው አክብራው ነው።

የእንግሊዝኛ ፈተናውን ለማለፍ በየቀኑ ጥቂት የሬዲዮ ንግግር ብታዳምጥና የሰማችውን ድምፅ አውጥታ ብትደግም ይጠቅማታል፣ መምህሮቿ ቅጂ ያገኙላታል። ያለ አስተማሪ ብቻዋን የበረረች ዕለት ይጻፉልን፣ እዚሁ አምድ ላይ እናወጣዋለን።